ለአሉሚኒየም ብሬዚንግ የሚመረጠው ጋዝ ከሁሉ የሚፋጀው አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፦

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በሙያ ማሠልጠኛ ውስጥ የብረታ ብረት ሥራ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የመኪና ራዲያተር፣ የኤሲ ኮንደንሰር፣ የፍሪጅ ማቀዝቀዣ፣ የሞተር ሽፋን ዛሬ በአብዛኛው ከአሉሚኒየም የሚሠሩ በመሆናቸው፣ በጓሯቸው ወይም በትንሽ ሱቅ ውስጥ ይህን ብረት በጋዝ እሳት፣ በብሬዚንግ ለመጠገን የሚሞክሩ ሰዎች በየሰፈሩ እየበዙ ነው። ስለሚጠቀሙበት ጋዝ የሚነገራቸው ግን ብዙውን ጊዜ የተሳሳተ ሆኖ ስላገኘሁት ዝም ማለት አልቻልኩም።

ባለፈው የፋሲካ ሰሞን እኅቴ በፍሪጇ የላይኛው ክፍል የተጋገረውን በረዶ በቢላዋ ስትፈነቅል የቢላዋው ጫፍ ስሱን የአሉሚኒየም ግድግዳ ወጋው፤ "ፍስስ" የሚል ድምፅ ተሰማና ጋዙ አለቀ። በማግስቱ በሰፈሩ ጥሩ ስም ያለው አንድ ወጣት ጠጋኝ የኦክስጅንና የአሲታይሊን ሲሊንደሮቹን በጋሪ አስጭኖ መጣ። ማቀዝቀዣውን አውጥቶ ግቢ ውስጥ ድንጋይ ላይ አጋደመው፤ ቀዳዳዋን በአሸዋ ወረቀት ፈተገ፤ እሳቱንም አስተካክሎ ሰማያዊውን ሹል ነበልባል ወደ ቀዳዳዋ አቀረበ። ቀዳዳዋ የመርፌ ዓይን ብታህል ነው። ቀልጦ ቀዳዳዋን የሚደፍነውን ዘንግ ሊያስጠጋ እጁን ሲያነሣ አሉሚኒየሙ ሳይቀላ፣ ቀለሙንም ሳይለውጥ ድንገት ረግቦ ወረደ፤ በቀዳዳዋ ቦታ የሃያ አምስት ሳንቲም ያህል ክፍተት ተከፈተ፤ አጠገቡ ያለው የጋዝ መሄጃ ቦይም አብሮ ተበላ።

ወጣቱ ደንግጦ ቆመና፣ "ጋሼ፣ እሳቱ ሳያንሰኝ አልቀረም፤ ቶሎ ቢግልልኝ ኖሮ ይይዝ ነበር" አለኝ። በሥራው የሚተጋ፣ የሰው ንብረት በመበላሸቱ ከልቡ ያዘነ ልጅ ነው። የተናገረው ግን ከእውነቱ ተቃራኒ ነበር፤ ይህንኑ አባባል ከሌሎች ብዙ ባለሙያዎች አፍም ሰምቼዋለሁ። አሉሚኒየም አስቸጋሪ ስለሆነ ከሁሉ የበረታውን እሳት ይፈልጋል የሚለው እምነት ሥር ሰዷል። በዚህ እምነት የተነሣ ሰዎች ለቤት ሥራ የማያስፈልጋቸውንና ሊይዙት የማይችሉትን ጋዝ ይገዛሉ፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉታል ይህን ነው።

ብሬዚንግ ማለት የሚያያዙትን ክፍሎች ሳያቀልጡ፣ ከእነርሱ ባነሰ ሙቀት የሚቀልጥ ዘንግ በመካከላቸው አፍስሶ ማያያዝ ነው። ንጹሕ አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይቀልጣል። ለብሬዚንግ በሰፊው የሚታወቀው 12 በመቶ ሲሊከን ያለው ዘንግ ደግሞ ከ577 እስከ 582 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይቀልጣል። እንግዲህ ለራዲያተርና ለቧንቧ የሚውለው 3003 የተባለው ቅይጥ መቅለጥ የሚጀምረው በ643 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ባለሙያው የሚጫወትባት ሜዳ 60 ዲግሪ ብቻ ናት። 6061 የተባለው ቅይጥ ከሆነ ግን እርሱም መቅለጥ የሚጀምረው በ582 ዲግሪ አካባቢ ነውና ሜዳው ከነጭራሹ የለም ማለት ይቻላል። ብረት ሲግል መጀመሪያ ይጠቁራል፣ ቀጥሎ ይቀላል፣ ከዚያም ይነጣል፤ ሠራተኛው ቀለሙን አይቶ እጁን ይሰበስባል። አሉሚኒየም ይህን ማስጠንቀቂያ አይሰጥም፤ በቀን ብርሃን የሚታይ ፍም ሳይሆን ይቀልጣል። ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ከላዩ የሚፈጥረው የኦክሳይድ ሽፋን ደግሞ የሚቀልጠው ከ2,000 ዲግሪ በላይ ስለሆነ፣ ውስጡ ውኃ ሆኖ ሳለ ላዩ እንደ ቆዳ ይዞት ይቆይና በአንድ ጊዜ ይዘረገፋል። እኅቴ ግቢ ውስጥ ያየነው ይኸንኑ ነው።

ስለ ጋዝ ምርጫ ስናወራ ሁለት ነገሮች ይምታቱብናል፤ አንዱ የነበልባሉ ዲግሪ ነው፣ ሁለተኛው ነበልባሉ በደቂቃ የሚያቀብለው የሙቀት ብዛት ነው። የክብሪት እሳት ከፈላ ውኃ እጅግ የበለጠ ዲግሪ አለው፤ ነገር ግን በክብሪት አንድ ጀበና ቡና የሚያፈላ የለም። አሲታይሊን ከኦክስጅን ጋር ሲነድ 3,100 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፤ ቡታ ጋዝ በተራ አየር ሲነድ ከ1,900 ዲግሪ ይበልጣል። እኛ የምንፈልገው ከ600 ያነሰ ስለሆነ በዲግሪ በኩል ሁለቱም ከበቂ በላይ ናቸው። ጥያቄው የሙቀቱ ብዛት ነው፤ አሉሚኒየም ሙቀትን ከተራ ብረት በሦስትና በአራት እጥፍ ፍጥነት ወደ ዳር ስለሚያሸሽ፣ መጋጠሚያዋን ብቻ ማጋል አይቻልም፤ ዙሪያውን በሙሉ ማሞቅ ግድ ይሆናል። 200 ግራም የሚመዝን የአሉሚኒየም ክፍል ከክፍል ሙቀት ተነሥቶ 580 ዲግሪ እንዲደርስ 110 ኪሎ ጁል ያህል ይፈልጋል፤ እኩል ክብደት ያለው መዳብ 700 ዲግሪ እንዲደርስ የሚፈልገው የዚህን ግማሽ ነው። በሰዓት 150 ግራም ቡታ ጋዝ የሚያቃጥል ቶርች ወደ 1.9 ኪሎ ዋት ይሰጣል። ከዚያ ውስጥ አምስት አንዱ ወደ ሥራው ቢገባ፣ አምስት ደቂቃ አካባቢ ይበቃል። ለጌጣ ጌጥ የሚያገለግለው እንደ እስክሪብቶ የቀጠነው ቶርች ግን በሰዓት 20 ግራም ቢያቃጥል፣ በዚሁ ስሌት ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ በዚያን ጊዜ ውስጥ ሙቀቱ ወደ አየር ስለሚያመልጥ ሥራው ከቶ አይደርስም። ዲግሪያቸው እኩል የሆኑ ሁለት እሳቶች፣ አንዱ ሲሠራ ሌላው የማይሠራው ለዚህ ነው።

አሲታይሊንን አላጣጥልም፤ ለሠላሳ ዓመት ያህል የሠራሁበት ጋዝ ነው። በወፍራም ብረት ላይ፣ በሠለጠነ እጅ፣ ተወዳዳሪ የለውም። ሆኖም ከቡታ ጋዝ ይልቅ ከሙቀቱ ትልቅ ድርሻውን የሚያከማቸው በዚያች በውስጠኛዋ ሹል ነበልባል ውስጥ ስለሆነ፣ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው አሉሚኒየም ላይ ስህተትን የሚያርም ጊዜ አይሰጥም። ትልቅ ኖዝል (የእሳቱን መውጫ አፍ) አድርጎ፣ ነበልባሉን በትንሹ ጋዝ የበዛበት አድርጎ፣ ከሥራው አርቆ እያወዛወዙ መሥራት እንደሚቻል አውቃለሁ፤ ይህ ግን በወራት ልምምድ የሚመጣ እጅ ነው። በቤት ውስጥ ደግሞ ጋዙን ማኖሩ ራሱ ሌላ ሙያ ነው። አሲታይሊን ከ1 ባር ባለፈ ግፊት ብቻውን ሊፈነዳ የሚችል ጋዝ በመሆኑ፣ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚቀመጠው ባለ ብዙ ቀዳዳ ሙሌት በያዘው አሴቶን ሟሙቶ ነው፤ ስለዚህ ሲሊንደሩ ተጋድሞ ከተጫነ ወዲያው መጠቀም አይገባም፤ በጋሪ ተጋድሞ የመጣው የዚያ ወጣት ሲሊንደር ቢያንስ ጥቂት ሰዓታት ቆሞ መቆየት ነበረበት። ከመዳብ ቧንቧ ጋር ሲገናኝ በቀላሉ የሚፈነዳ ውሁድ ስለሚፈጥር መስመሩን በመዳብ ቱቦ መቀጠል ክልክል ነው። በአየር ውስጥ ከ2.5 በመቶ ጀምሮ እስከ 80 በመቶ ድረስ ያለው ድብልቅ ሁሉ ይቀጣጠላል፤ የቡታ ጋዝ ክልል ግን ከ2 እስከ 10 በመቶ ብቻ ነው።

ሲሊንደር መግዛት የከበዳቸው አንዳንድ ሰዎች በበርሜል ውስጥ ካርባይድና ውኃ እያገናኙ ጋዙን ራሳቸው ያመነጫሉ። አንድ ኪሎ ካርባይድ 300 ሊትር ያህል አሲታይሊን ይሰጣል፤ ሲገናኙም በርሜሉ በእጅ እስከማይነካ ድረስ ይሞቃል። እሳቱ በጎማው ተመልሶ እንዳይገባ የሚያግደው የውኃ ማገጃ ከሌለ ወይም ውኃው ከደረቀ፣ ያ በርሜል በመኖሪያ ቤት ግቢ ውስጥ ምን እንደሚሆን ለመናገር ብዙ ቃል አያስፈልግም። ልጆች በሚሮጡበት ግቢ ውስጥ ለአንድ ፍሪጅ ጥገና ሲባል ይህን የሚያደርግ ሰው ካለ፣ እባክዎ ዛሬውኑ ያቁም እላለሁ። የምለምነው ከልቤ ነው።

እንግዲህ የእኔ ምርጫ በየቤቱ ያለው ቡታ ጋዝ ነው፤ ከተራ አየር ጋር፣ ሰፊ አፍ ባለው ቶርች። ነበልባሉ ለስላሳና ሰፊ በመሆኑ ሙቀቱን በሥራው ላይ ያለብሰዋል፤ ዲግሪውም ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ሠራተኛው የሚሆነውን እያየ እጁን ለማንሣት ጊዜ ያገኛል። ክፍሉ ከበድ ያለ ሲሆን ደግሞ ጋዝ ከመለወጥ በፊት የሚያመልጠውን ሙቀት መቀነስ ይቀላል። ሥራውን በሲሚንቶ ወለል ላይ ማስቀመጥ ስህተት ነው፤ ሲሚንቶ ሙቀቱን ይጠጣዋል፣ ውስጡ እርጥበት ካለም ይፈነጠራል። በሦስት ወገን የእሳት ጡብ ከተከበበ ግን ያው ቶርች እጥፍ የሆነ ያህል ይበረታል። ወፍራም የሞተር ክፍል ሲሆን እኔ ለእንጀራ የማያገለግል አሮጌ የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ አስቀድሜ አሞቀዋለሁ፤ ምጣድ 200 ዲግሪ አካባቢ ስለሚደርስ የመንገዱን አንድ ሦስተኛ ያለ ጋዝ ይጨርሰዋል። ከዚህም ካለፈ ቡታ ጋዝን ከኦክስጅን ጋር መጠቀም ይቻላል፤ ለዚህ ግን ለአሲታይሊን ብቻ የተሠራ ጎማ በቡታ ጋዝ ስለሚበላሽ ጎማውም፣ ኖዝሉም ለዚህ ጋዝ የተሠራ መሆን አለበት፤ የኦክስጅን ፍጆታውም ከአሲታይሊን በሦስት እጥፍ ገደማ ይበልጣል።

ከውጭ አገር በሚመጡ መመሪያዎች ላይ የማይጻፍ፣ እኛን ግን በየቀኑ የሚመለከተን ጉዳይ የአገራችን ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ብቻ ነው። ቶርቹ በጎኑ ባሉት ቀዳዳዎች የሚስበው አየር ያንኑ ያህል ሳሳ ይላል፤ የጋዙ ፍሰት ግን ግፊቱን በሚመጥነው ዕቃ፣ በሬጉሌተሩ ስለሚወሰን በዚያው ልክ አይቀንስም። ውጤቱ ጋዝ የበዛበት፣ ጫፉ ቢጫ የሚል፣ ጥላሸት የሚቀባ ነበልባል ነው፤ ጥላሸቱም ዘንጉ እንዳይይዝ ያደርጋል። በዚህ ጊዜ የአየሩን ቀለበት በደንብ መክፈት፣ ያ ካልበቃ የጋዙን ግፊት መቀነስ ወይም ጠበብ ያለ ኖዝል ማስገባት ይገባል። ብዙ ሰው የሚያደርገው ግን የዚህን ተቃራኒ ነው፤ እሳቱ ሲደክምበት ጋዙን ይጨምራል፣ ይበልጥ ያጠቁረዋል። ሁለተኛው ጉዳይ ብርዱ ነው። ቡታ ጋዝ የምንለው የቡቴንና የፕሮፔን ድብልቅ ሲሆን፣ ፕሮፔን ከዜሮ በታች በ42 ዲግሪም ይተናል፤ ቡቴን ግን ዜሮ አካባቢ ሲደርስ መትነኑን ያቆማል። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ፣ ይልቁንም በደብረ ብርሃን ባለው ብርድ፣ ቡቴን የበዛበት ሲሊንደር ግፊቱ ይወርድና ቶርቹ ይተኛል። ጋዙ በወጣ ቁጥር ሲሊንደሩ ራሱን ስለሚያቀዘቅዝ ነገሩ ይብሳል። ድሬዳዋ ያለው ባልደረባዬ በዚያው ቶርች፣ በዚያው ዘንግ እኔ የማገኘው ችግር አያገኘውም። መፍትሔው ፀሐይ እስክትሞቅ መጠበቅ ወይም ትልቅ ሲሊንደር መጠቀም ነው። ሲሊንደሩን በእሳት ወይም በፈላ ውኃ የሚያሞቁ ሰዎች አይቻለሁ፤ ይህ በሕይወት ላይ መፍረድ ነው።

ሬጉሌተሩም የራሱ ነገር አለው። በቤት ማብሰያው ሲሊንደር ላይ ያለው ሬጉሌተር ለምድጃ የተሠራ ስለሆነ የሚሰጠው 30 ሚሊባር ያህል ነው፤ ቶርች ግን እንደ ዓይነቱ ከ1 እስከ 2 ባር ይፈልጋል። ሰው በምድጃው ሬጉሌተር ሞክሮ እሳቱ ሲያንስበት "ቡታ ጋዝ ለአሉሚኒየም አይሆንም" ብሎ ይደመድማል፤ ወይም ደግሞ ይባስ ብሎ ሬጉሌተሩን አውልቆ ጎማውን በቀጥታ ያስራል። ለቶርች የተሠራ፣ የሚስተካከል ሬጉሌተር በዕቃ መሸጫዎች ይገኛል፤ ከቶርቹ ዋጋ ቀድሞ ለእርሱ ገንዘብ መመደብ ይገባል። ማያያዣዎቹን በሳሙና አረፋ መፈተሽም የግድ ነው። ቡታ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ካፈሰሰ ወለል ለወለል ተኝቶ ይጠብቃል፤ ስለዚህ ምድር ቤት ወይም ቦይ አጠገብ አይሠራበትም።

በቨርጂኒያ የሚኖር የወንድሜ ልጅ በዚያ አገር በየዕቃ መደብሩ የሚሸጠውን ቢጫ ሲሊንደር እያሳየ የሚሠሩ ሰዎችን ተንቀሳቃሽ ምስል ይልክልኛል፤ እዚህ ያሉ ወጣቶችም ያንኑ እያዩ "ያ ጋዝ ከሌለ አይሆንም" ይላሉ። ማፕ የተባለው የቀድሞው ጋዝ በሰሜን አሜሪካ መመረት ያቆመው በፈረንጆቹ 2008 ነው፤ ዛሬ በዚያ ስም የሚሸጠው በአብዛኛው ፕሮፒሊን ነው። በአየር ሲነድ ከፕሮፔን ያለው የዲግሪ ብልጫ ጥቂት አሥሮች ብቻ ነው። ሥራን ፈጠን ያደርጋል እንጂ የማይቻለውን የሚያስችል አይደለም። በአውሮፕላን ተጓዥ ይዞት እንዲመጣ መጠየቅም ከንቱ ነው፤ የሚቀጣጠል ጋዝ ሲሊንደር በሻንጣ አይፈቀድም። ዘመድ አንድ ነገር ይላክልን ካልን ጥሩ ዘንግና የእስቴንለስ ብሩሽ እንጠይቅ። ስለ ሃይድሮጂን የሚጠይቁኝም አሉ፤ ለአሉሚኒየም የቆየ ታሪክ ያለው ለስላሳ እሳት ነው፣ ነገር ግን ውኃን በኤሌክትሪክ ከፍለው ሃይድሮጂኑንና ኦክስጅኑን ደባልቀው በዕቃ የሚያጠራቅሙ ሰዎች የሚያጠራቅሙት ፈንጂ ነው።

ጋዙን ከመምረጥ በፊት ዘንጉን መምረጥ ይገባል፤ የሚያስፈልገውን ዲግሪ የሚወስነው እርሱ ነውና። ሲሊከን ያለው ዘንግ ጠንካራና ዘላቂ ነው፤ ሆኖም ኦክሳይዱን የሚያነሣ ፍለክስ ይፈልጋል። ክሎራይድ ያለበት ፍለክስ ከሥራው በኋላ በሙቅ ውኃ ተፈትጎ ካልታጠበ አሉሚኒየሙን ውስጥ ለውስጥ ይበላዋል፤ ፍሎራይድ የሆነው አይበላም፣ ነገር ግን ጭሱ ለሳንባ ጎጂ ስለሆነ ደጅ ላይ፣ ነፋስን ከኋላ አድርጎ መሥራት ያሻል። ለመዳብና ለብረት የምንጠቀምበት ቦራክስ ለአሉሚኒየም አይሠራም፤ ከቶ አይሞከር። ዚንክ የበዛበት ዘንግ ደግሞ በ390 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። በመጽሐፍ አነጋገር ከ450 ዲግሪ በታች ስለሆነ ብሬዚንግ ሳይሆን ሶልደሪንግ ነው፤ ለቤት ጥገና ግን ከሁሉ የሚመች እርሱ ነው። በመኪናና በሞተር ብስክሌት ላይ ያሉት ቀልጠው በቅርጽ ውስጥ በመፍሰስ የተሠሩ የሞተር ሽፋኖች በአብዛኛው በ540 ዲግሪ ገደማ መቅለጥ ስለሚጀምሩ፣ በሲሊከን ዘንግ ሊያያዙ አይችሉም፤ በእነርሱ ላይ የዚንኩ ዘንግ ብቻ ነው የሚያዋጣው። ማግኒዥየም የበዛበት ቅይጥ ሁለቱንም ያስቸግራል። የምግብ ድስት ላይ ግን እኔ በዚንክ ዘንግ አልሠራም፤ እጀታው የወለቀ ድስት በሪቬት ይመታል፣ ሥሩ የተበሳ ድስት ደግሞ ወደ ምናለሽ ተራ ሄዶ እንደገና መቅለጡ ይሻላል።

ፍሪጅን በሚመለከት አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በአሁኑ ጊዜ ብዙዎቹ የቤት ፍሪጆች የሚሞሉት አር 600 ኤ በሚባለው ጋዝ ነው፤ ይህ አይሶቡቴን ነው፣ ከቡታ ጋዝ ጋር ወንድማማች የሆነ የሚቀጣጠል ጋዝ። ኮምፕረሰሩ ላይ የእሳት ምልክት ያለው ጽሑፍ ካለ፣ መስመሩ ውስጥ የቀረው ጋዝ ደጅ ላይ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ፣ መስመሩም በናይትሮጅን ተነፍቶ ሳይጸዳ ምንም ዓይነት እሳት መቅረብ የለበትም። የማይቀጣጠሉት የፍሪጅ ጋዞች ደግሞ በነበልባል ሲያልፉ መርዝ ይሆናሉ። ከግድግዳው በስተኋላ ያለው ቢጫ ስፖንጅም ሲቃጠል ሳያናይድ ያለበት ጭስ ያወጣል፤ ስለዚህ ማቀዝቀዣው ከፍሪጁ ሳይወጣ በውስጡ እንዳለ ብየዳ አይታሰብም። ያ ወጣት ይህን የመጨረሻውን በትክክል አድርጓል፤ ለዚህም አመስግኜዋለሁ።

የእኅቴ ፍሪጅ ሌላ ማቀዝቀዣ ተገዝቶ ተገጠመለት። የተቃጠለውን ግን ወደ ቤቴ ወሰድኩትና ወጣቱን በሳምንቱ ጠራሁት። በደህናው በኩል በቀጭን ምስማር አምስት ቀዳዳ በሳሁ። ለአሉሚኒየም ብቻ በለየሁት የእስቴንለስ ብሩሽ ፈተግነው፣ በጡብ ላይ አቆምነው፣ ከቀዳዳዋ ሁለት ጣት ራቅ ብሎ በተራ የልብስ ሳሙና መስመር አሰመርንበት። ሳሙና ከ350 እስከ 400 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ቡናማ ሆኖ ይጠቁራል፤ ቀለሙን የማይለውጠውን አሉሚኒየም እርሱ ይናገርለታል። ቡታ ጋዙን አቀጣጥሎ ነበልባሉን ከጀርባ በኩል፣ የእጅ መዳፍ ያህል ሰፊ ቦታ ላይ እያዞረ እንዲያሞቅ ነገርኩት። በመጀመሪያው ቀዳዳ ትዕግሥት አጣና የዚንኩን ዘንግ በእሳቱ አቅልጦ ጣለበት፤ ዘንጉ እንደ ውኃ ጠብታ በቅጠል ላይ ተንከባሎ ወረደ። "ልጄ፣ ዘንጉን እሳቱ አያቅልጠው፤ አሉሚኒየሙ ራሱ ያቅልጠው" አልኩት። ሁለተኛውና ሦስተኛውም አልሆኑም። በአራተኛው ሳሙናው ሲጠቁር እሳቱን ዘወር አደረገ፣ ዘንጉን አስነካ፣ ቀለጠለት። በብሩሹ ጫፍ ከቀለጠው ሥር ጫር ጫር ሲያደርገው ኦክሳይዱ ተላቀቀና የቀለጠው ዘንግ እንደ መስተዋት ተዘርግቶ ያዘ። ሲቀዘቅዝ ውኃ ውስጥ ነክረን አየር ነፋንበት፤ አንድም አረፋ አልወጣም። አምስተኛውን ያለ እኔ እርዳታ ሠራው።

ከዚህ ተነሥቼ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ቡታ ጋዝ የሚያከፋፍሉ ድርጅቶች ሲሊንደሩ ውስጥ ካለው ጋዝ ስንት በመቶው ፕሮፔን፣ ስንት በመቶው ቡቴን እንደሆነ በላዩ ላይ ቢጽፉልን፤ እኔ እስካሁን በእጄ በገቡት ሲሊንደሮች ላይ ይህን አላየሁም፤ ለምድጃ ብዙም ለውጥ ባያመጣ፣ በደጋ አገር በቶርች ለሚሠራ ሰው ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው። ሁለተኛው ለሙያ ማሠልጠኛዎች ነው፤ እኔ ሳስተምር በነበረበት ጊዜ የጋዝ ብየዳ ትምህርቱ በብረትና በመዳብ ይጀምርና በዚያው ያበቃ ነበር፤ አሉሚኒየምን ለተማሪው ያሳየሁት በትርፍ ሰዓቴ፣ ቁራሌው ባመጣልኝ ቁርጥራጭ ነው። ለአንድ ክፍል ተማሪዎች አንድ የቡታ ጋዝ ቶርች፣ ጥቂት የእሳት ጡቦችና አንድ እስር የዚንክ ዘንግ ቢገዛ ለአንድ መንፈቀ ዓመት ይበቃል። በዚህ ጉዳይ ላይ መምህራንና ጠጋኞች የሚሉት ካለ ዝግጅት ክፍሉ ቦታ እንዲሰጣቸው በአክብሮት እለምናለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ጡረታ የወጣ የብረታ ብረት ሥራ መምህር
ከአዲስ አበባ